ኔልና ዳማ

በኮሎራዶ ሰሜን ምዕራብ፣ ዋይት ሪቨር የተባለው ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ሚከር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እኛ ከምንኖርበት ከኦሮራ ተነስቶ ተራራውን ለሚሻገር ሰው የአራት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አካባቢው የበግ አርቢዎች አገር ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ በየዓመቱ በመስከረም የእረኛ ውሾች ውድድር ይካሄድበታል። አባቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቀን በመጣበት ዓመት ልጆቹን ይዘን የሄድነው ወደዚያ ነበር።

ያን ሰሞን ቤታችን በአንድ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል። ልጆቹ ውሻ ይገዛልን ብለው ሲለምኑ ከርመው እኔና ባለቤቴ እሺ ብለናል፤ የቀረው የትኛው የሚለው ነው። ታናሹ ልጄ ቦርደር ኮሊ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ታላቋ ደግሞ ከአውስትራሊያን ሼፐርድ ሌላ አይታያትም። ሁለቱ ዝርያዎች ለማያውቃቸው ሰው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ሁለቱም መካከለኛ ቁመት፣ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉርና የማይደክም ጉልበት ያላቸው፣ ከበግና ከከብት ኋላ ሲሮጡ የኖሩ ናቸው። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። እኔ ያንን ያወቅሁት በዚያ መኸር ደጃችንን በረገጡ ሁለት ውሾች ነው፤ ዛሬም ሳስታውሳቸው ልቤ ይሞቃል።

አባዬ መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ የአያቴን በጎች ይጠብቅ ነበር፤ ያንን ጭራው አጠር ወፈር ያለ፣ ፀጉሩ ለባና የሚሆን የመንዝ በግ። እዚያ አገር ቀን በጎቹን የሚያግደው ልጅ ነው፤ ዱላውን ይዞ፣ ወንጭፉን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ብርዱን ችሎ። የውሻው ሥራ የሚጀምረው ሲመሽ ነው። በረቱ ደጃፍ ተኝቶ ጅብ ሲቃረብ ይጮኻል፤ ቀን ቀን ደግሞ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ቤት አይገባም። ወደ በጎቹ ሲሮጥ የታየ ውሻ የሚጠብቀው ዱላ ነው፤ በግ የቀመሰ ውሻ አመሉን አይተውማ። ስለዚህ ሚከር ሜዳ ዳር ተቀምጠን የመጀመሪያው ውሻ ከጌታው እግር ሥር ተፈትልኮ ሽቅብ ሲሸመጥጥ አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኧረ ያዙት! ሊጨርሳቸው ነው!»

ውሻው ግን ወደ በጎቹ ቀጥ ብሎ አልሄደም። ሜዳውን በሰፊው ዞሮ ከኋላቸው ደረሰና ቆመ። ከዚያ አንገቱን ከትከሻው በታች ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ እንደያዘ፣ ዓይኑን በጎቹ ላይ ተከለ። አልጮኸም፣ አልነካቸውም። በጎቹ ቀና ቀና አሉ፣ ተያዩ፣ ቀስ ብለው ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። እረኛው ከሜዳው ማዶ ሆኖ ከንፈሩ መሀል በያዛት ትንሽ ፊሽካ ያፏጫል። አንዷ ፉጨት በቀኝ ዙር፣ ሌላዋ በግራ ዙር፣ ረጅሟና ያልተቆረጠችው ባለህበት ተኛ ማለት ናት። በጎቹ በአጥሮቹ መካከል አለፉ፤ በመጨረሻ እረኛው የበሩን ገመድ ይዞ ወደቆመበት ጠባብ ጋጣ ደረሱ። እዚያ ላይ አንዲት እልኸኛ በግ ዞራ ከውሻው ጋር ተፋጠጠች። የፊት እግሯን አንስታ መሬቱን መታች። ውሻው አልተነሳም፤ ግማሽ እርምጃ ብቻ ጠጋ አለ። እንደገና መታች። እሱም እንደገና ጠጋ አለ። ፊቷን አዞረችና ገባች፤ የቀሩትም ተከተሏት።

አባዬ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ ልጅነቴን ሙሉ የሮጥኩትን ይኼ በፉጨት ጨረሰው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሌላው ተመልካች ጎበዝ ውሻ ነው ያየው፤ አባዬ ያየው የእረኝነት ጓደኛውን ነው።

ይህ በዓይን የመግዛት ተሰጥኦ እንዲያው የወረደ አይደለም። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ያሉ በግ አርቢዎች ለብዙ ትውልድ እየመረጡ ያዳበሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 አዳም ቴልፈር የሚባል የኖርዘምበርላንድ ሰው ሮይ የተባለ ገር ወንድና ሜግ የተባለች፣ ሰው የምታፍር ግን በግ ላይ ዓይኗ የበረታ ሴት አዳቅሎ አንድ ቡችላ አገኘ። ኋላ ኦልድ ሄምፕ ተብሎ የታወቀው እሱ ነው። የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የዘር ሐረጋቸው እሱ ዘንድ ይደርሳል። ውድድሩ ከሄምፕም ይቀድማል፤ በብሪታንያ የመጀመሪያው የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1873 በዌልስ፣ ባላ በተባለች ከተማ የተደረገው ነው። በ1906 ደግሞ ዓለም አቀፉ የበግ ውሾች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ውሾቹን የሚመዘግበውና የሚያወዳድረው በሥራቸው እንጂ በመልካቸው አይደለም። ለዚህ ነው አንዱ ቦርደር ኮሊ ፀጉሩ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ የአንዱ ጆሮ ቀጥ ያለ፣ የሌላው የታጠፈ የሚሆነው። እኔ ይህን ሥርዓት በጣም አከብረዋለሁ። እንስሳ ለመልኩ ብቻ ሲመረጥ ምን እንደሚሆን በሌሎች ዝርያዎች አይተናል።

ከሚከር በተመለስን ጥቂት ቆይቶ ነው ኔል ቤታችን የመጣችው። የሥራ ባልደረባዬ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ በግ የምታረባ ሴት፣ እጇን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ስለነበር እስክትድን ድረስ ወጣቷን ውሻዋን የሚይዝላት ሰው ትፈልግ ነበር። እኔም የልጆቹን ጥያቄ ከወሬ ወደ ኑሮ ለማምጣት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም ብዬ ተቀበልኩ። ኔል ቀጠን ያለች፣ ጥቁርና ነጭ፣ ግራ ጆሮዋ የቆመ፣ ቀኙ ጫፉ ላይ የታጠፈ ቦርደር ኮሊ ናት። ገብታ እያንዳንዱን ክፍል ከዞረች በኋላ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ሁላችንንም ማየት የምትችልበት ቦታ መርጣ ተኛች።

ልጆቹ ቃል ሊያስተምሯት ተሯሯጡ። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጆን ፒሊ የሚባሉ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ቼዘር የተባለች ቦርደር ኮሊያቸውን የ1,022 መጫወቻዎች ስም አስተምረዋት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 ማሳተማቸውን ልጄ ሰምቶ ነበርና የኔልም ዕጣ ይኸው እንዲሆን ፈለገ። እውነትም ትቀበላለች። ኳስ፣ ድብ፣ ነጠላ ጫማ፤ ሁሉንም በአማርኛ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ከመኝታ ቤታቸው ሆነው ሲሰሙ «እናንተ ስትጠሩ አልሰማ ትላላችሁ፣ እሷ አንዴ ሲነግሯት ታመጣለች» እያሉ ልጆቹን ይገሥጹበት ነበር።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የቼሪ ክሪኩ ጠዋት ነው። እዚያ መናፈሻ ውስጥ ውሻ ያለ ማሰሪያ የሚለቀቅበት ሰፊ ሜዳ አለ። አባዬ በማለዳ ጋቢውን ደርቦ ኔልን ይዞ ይሄዳል፤ ያን ቀን እኔም አብሬያቸው ወጥቼ ነበር። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበረበት። ኔል ሩቅ ያረፉ የዱር ዝዮች አይታ ሰውነቷን ዝቅ አድርጋ ወደ እነሱ መሄድ ጀመረች። እኔ ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት አባዬ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ። ልጅ ሆኖ መንዝ ላይ በጎቹን ይመልስበት የነበረው ፉጨት ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ መሀሉ ላይ የማይቆረጥ። ኔል እንዳለች መሬት ላይ ልጥፍ አለች። ፊቷን ወደ እኛ መልሳ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። አባዬ ደነገጠ። ማን እንዳስተማራትም አልጠየቀኝም። «ና ና ና» እያለ ጠራት፤ በሰፊው ዞራ መጥታ እግሩ ሥር ተኛች። ከዚያን ቀን በኋላ ኔል እኛ ቤት እስካለች ድረስ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የኔልን ሌላ ገጽ ልደብቅ አልችልም። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። አባዬ ኔልን ሩቅ ወስዶ ባመጣበት ቀን ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። በረዶ ጥሎ ወይም አባዬን ጉንፋን ይዞት የቀረ ቀን ግን ኔል አታርፍም። ጥፍሯ ወለሉን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ኮሪደሩን ትመላለሳለች። ልብስ ማጠቢያው ሲዞር መስታወቱ ፊት አድፍጣ፣ ልክ ያ የሚከሩ ውሻ በጎቹን እንዳየው፣ እስኪቆም ድረስ ዓይኗን አትነቅልም። የመኪና መስታወት ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲያልፍ ትከተለዋለች፤ ካለፈም በኋላ ቦታውን ትጠብቃለች። ይህ ጨዋታ አይደለም። ለሥራ የተፈጠረ አእምሮ ሥራ ሲያጣ የሚፈጥረው ጭንቀት ነው፤ ሥር ከሰደደም ለማስተው ከባድ ነው። ባለቤቷም ከመስጠቷ በፊት አደራ ያለችኝ አንድ ነገር ነበር፤ የሌዘር መብራት አታጫውቷት።

ሌላኛው፣ ማለትም አውስትራሊያን ሼፐርዱ፣ ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖር የጎረቤታችን ውሻ ነው። ሬንጀር ይባላል። ግራጫ ላይ ጥቁር የተረጨበት ቡራቡሬ፣ አንድ ዓይኑ ቡናማ ሌላው ሰማያዊ፣ ደረቱ ሰፊ። በዚህ ዝርያ አንዳንዶቹ ሲወለዱም ጭራቸው አጭር ነው፤ ሬንጀርም የሚቆላው ጭራ የለውም፤ ሲደሰት ከወገቡ በታች በሙሉ ይወዛወዛል። ለብዙ ጊዜ በአጥር ከማየት ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ እንግዳ ሞልቶ፣ የዕጣኑ ጭስ እንዲወጣ በሩን ከፍተን ቡና ስናፈላ ሬንጀር ሰተት ብሎ ገባ።

አንዲት እንግዳችን «በስመ አብ!» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ሶፋው ላይ ወጣች። እኛ ዘንድ ውሻ ሳሎን አይገባማ። ሬንጀር ግን የሚጎዳ ነገር አላደረገም። እንደ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ ሁሉንም አንድ በአንድ እየዞረ አየና ልጆቹ ወዳሉበት ሄደ። ልጆቹ በየክፍሉ ተበትነው ነበር። በትከሻው ገፋ፣ በአፍንጫው ጎሸም፣ አንዱን ከኮሪደሩ ሌላዋን ከደረጃው እያመጣ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ከሰበሰበ በኋላ በሩ ላይ ተጋደመ። ቶናው ተቀድቶ አንድ ሰውዬ ሊሄድ ሲነሳ ሬንጀር ተነስቶ ጉልበቱን ተደገፈው። ሰውዬው ተመልሶ ተቀመጠ። በረካ ጠጥቶ ነው የሄደው። አማቴ፣ ውሻ እቤት ይገባል ሲባል ከሁሉ በላይ የተቃወሙት እሳቸው፣ ዝም ብለው ሲያዩት ቆይተው «ይኼስ ሰው የሚወድ ነው» አሉና ቁራሽ አምባሻ ወረወሩለት።

አውስትራሊያን ሼፐርድ ስሙ አውስትራሊያ ይበል እንጂ ዝርያው የተዳበረው በዚሁ በአሜሪካ ምዕራብ፣ በትልልቅ የከብትና የበግ እርባታዎች ላይ ነው። ታሪኩን ብዙዎች ከአውስትራሊያ ከመጡ በጎችና ከባስክ እረኞች ጋር ያያይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ጄይ ሲስለር የተባለ የአይዳሆ ሰው ውሾቹን በሮዲዮ ትርዒት ላይ እያሳየ ከአገር አገር ሲዞር ሕዝቡ ወደዳቸው፤ የዝርያው ማኅበርም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከበጉ ሌላ በሬና ላም ለመንዳት፣ በጠባብ በረት ውስጥም ለመግፋት ስለተመረጠ ሰውነቱ ከቦርደር ኮሊ ይከብዳል። አሠራሩም እንደዚያው ነው። ቦርደር ኮሊ ዓይኑን ሲተክል እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቀርባል፣ ይጮኻል፣ ካስፈለገም ተረከዝ ይነክሳል። ቤት ውስጥ ከባለቤቱ እግር ሥር አይጠፋም። እንግዳ ሰው ላይ ቶሎ እምነት አይጥልም፤ ጎረቤታችን እንደነገረችኝ ሬንጀርንም ከቡችላነቱ ጀምራ ከሰው ጋር ባታለማምደው ኖሮ የዚያን እሑድ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ስለ ጤናቸው የጠየቅኩት የእንስሳት ሐኪም ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረኝ፤ ሁለቱም በተለይ አውስትራሊያን ሼፐርድን ይመለከታሉ። የመጀመሪያው ኤምዲአር1 የሚባለው የዘር ጉድለት ነው። ከዚህ ዝርያ ግማሽ ያህሉ ይሸከሙታል፤ በቦርደር ኮሊ ግን ጥቂት ነው። ጉድለቱ ያለበት ውሻ አንዳንድ መድኃኒቶች ወደ አንጎሉ ዘልቀው ይጎዱታል፤ ከነዚህ አንዱ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ አይቨርሜክቲን ነው። አባዬ ስሙን ሲሰማ ዞር አለ። ደብረ ብርሃን በግ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋላ፤ ለጥገኛ ትላትል የሚወጋው መርፌ ነው። እርባታ አካባቢ የሚኖር ውሻ መድኃኒቱን የተወጋ ከብት እበት በልቶ እንኳ ሊመረዝ እንደሚችል ሐኪሙ ነገረን። ሁለተኛው ያ ዓይን የሚስበው ቡራቡሬ ቀለም ነው። ሁለት ቡራቡሬዎች ከተዳቀሉ ከቡችሎቻቸው ሩብ ያህሉ ቀለሙን ከሁለቱም ወገን ይወርሳሉ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆነው ይወለዳሉ። ይህን እያወቀ ለገበያ ሲል የሚያዳቅል ሰው እንዳለ ስሰማ በጣም አዘንኩ።

ውሳኔው የተሰጠው አባዬ ሊመለስ ሲቃረብ፣ እራት ላይ ነው። ልጄ ስለ ኔል ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እኔም ልቤ ከእሱ ጋር ነበር፤ እንደ ኔል የማደንቀው እንስሳ አላውቅም። ሁላችንም አባዬን አየነው፤ ከሁላችን ይልቅ የሚወዳት እሱ ነበርና። እጁን ታጥቦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ እንዲህ አለ፦

«ኔል በግ ትፈልጋለች፤ እናንተ በግ የላችሁም። በግ ሆኜላት የቆየሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ መሄዴ ነው። ያ የጎረቤቱ ዓይነት ግን የሚሰበስበው ሰው ነው። ሰው ሞልቷችኋል።»

ማንም አልተከራከረም። ኔል እጇ ወደዳነላት ባለቤቷ ተመለሰች። ዛሬ የበሰለች ሠራተኛ ናት፤ አልፎ አልፎ ሄደን እናያታለን፤ አባዬም ስልክ ሲደውል ስለ እሷ ሳይጠይቅ አይዘጋም።

ዳማን ያገኘናት ከኮሎራዶ ምሥራቅ፣ እናቷንም አባቷንም ካሳዩን አርቢዎች ነው። አባቷ ቡራቡሬ፣ እናቷ ግን አንድ ወጥ ቀለም ናት፤ የኤምዲአር1 ምርመራቸውንም ወረቀቱን አየን። መልኳ ቀይ ዳማ፣ ደረቷ ነጭ ስለሆነ ስሙን ያወጣው አባዬ ነው፤ ለፈረስ የሚሰጠውን ስም ለእሷ ሰጣት። የልጄን ብስክሌት ስትከተል ተረከዙን የምትይዝበት ጊዜ ነበር፤ በትዕግሥት አስተዋት። ጠዋት ከእኔ ጋር ትሮጣለች፣ ከሰዓት ልጆቹ ዲስክ እየወረወሩላት ታመጣለች፣ ባለቤቴ ስትተኛ መኝታ ቤቱ በር ላይ ተጋድማ ድምፅ የሚያሰማውን ሁሉ በዓይኗ ትገሥጻለች። ፀጉሯ በፀደይ ሲረግፍ የአማቴ ነጭ ነጠላ ላይ መቅረቱ አይቀርም። እሳቸውም ሥዕለ አድኅኖው ካለበት ክፍል እንዳትገባ ደንግገዋል፤ ዳማ ደፉ ላይ ተኝታ ጸሎታቸው እስኪያልቅ ትጠብቃለች።

በየከተማው ልጆቻችሁ ውሻ ይገዛልን እያሏችሁ ያላችሁ ወላጆች፣ ፎቶ አይታችሁ አትምረጡ። ሁለቱም ዝርያዎች አሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ አብረዋችሁ ይኖራሉ፤ ሁለቱም በየቀኑ ሰውነታቸውንም አእምሯቸውንም የሚያደክም ሥራ ይፈልጋሉ። ከቻላችሁ መጀመሪያ ሥራቸው ላይ እዩዋቸው፣ አንዱን ለጥቂት ሳምንት በአደራ አኑሩት፣ የወላጆቹን የምርመራ ወረቀት ሳታዩ ቡችላ አትቀበሉ። ሰፊ መሬትና ሥራ ያላችሁ፣ ቦርደር ኮሊ ውሰዱ፤ የሚያህለው የለም። ሰው የሚገባ የሚወጣበት፣ ልጅ የሞላበት፣ ጠዋትና ማታ የሚሮጥ ሰው ያለበት ቤት ከሆነ አውስትራሊያን ሼፐርድ ይስማማችኋል። ቤታችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ባዶውን የሚውል ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ሁለቱንም ተዉ።